የአሮጊቷ ሻፍት

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? ባለቤትዎስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምርና፣ ደህና ያልሆነውን ከታች እጽፋለሁ።

መልስዎን የአገር አቋራጩ አውቶቡስ ሾፌር ዛሬ ከሰዓት በእጄ ሰጠኝ። ፖስታውን እዚያው መናኸሪያው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ መልስ አልጠበቅኩም ነበር። ከአባቴ ጋር ተኳርፋችሁ ዓመታት ካለፉ በኋላ የልጁን ደብዳቤ ሳይከፍቱ ይመልሱታል ብዬ ነበር። እማዬ ግን «ጻፊለት፤ እሱን የማታውቂው አንቺ ነሽ» ብላ አስጻፈችኝ። ይኸው እሷ አሸነፈች።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እኔ ትንሿ ነኝ፤ ጋራዥዎ ውስጥ ብሎኖችን በየጣሳው እየለየሁ የምጫወተው። ካደግሁ በኋላ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ መቀሱን አስቀምጬ መሪ ጨብጫለሁ። መኪናዋም አለች። አባቴ «አሮጊቷ» ይላት እንደነበር አይረሱትም መቼም። አሁንም ስሟ ያው ነው፤ እማዬ እየሰማች ከሆነ ግን ድምፃችንን ቀነስ አድርገን ነው የምንጠራት።

እማዬ ኩላሊቷን ታማለች። በሳምንት ሦስት ቀን ትታጠባለች። እኔም በአሮጊቷ እሷንና ሌሎች አምስት በሽተኞችን ይዤ ክሊኒክ አደርሳለሁ፤ ሲጨርሱ በየቤታቸው እመልሳለሁ። ክሊኒኩ የሰጠኝ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ላይ መርማሪው ከሥር ገብቶ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ሻፍት በእጁ ቢነቀንቀው፣ በጫፎቹ ካሉት መታጠፊያዎች የፊተኛው ክሮቼራ ደርቆ አልታጠፍም ብሏል፤ የኋለኛው ተበልቶ ይወዛወዛል። «ይህን ሳትቀይሪ ሰው እንዳትጭኚ» ብሎ ወረቀቴን ያዘው። ዳግም ምርመራው መጋቢት 18 ነው። በዚያ ቀን ካላለፈች ክሊኒኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። የሌላው ሰው መኪና ትልቅ ነው፤ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ያወርዳቸዋል እንጂ አሮጊቷ የምትወጣበትን የጓሮ ቅያስ አይወጣም። ከአስፋልቱ እኛ በር ድረስ መቶ ሰማንያ የድንጋይ ደረጃ አለ። እማዬ ከታጠበች በኋላ ሃያውንም አትወጣም።

ሦስት ጋራዥ ዞሬያለሁ። አንዱ ሳቀ። አንዱ ለሚመጣው ወር ቀጠረኝ። ሦስተኛው ከሥር ገብቶ ወጣና «እህቴ፣ እነዚህ ብሎን አይደሉም፤ የዝገት ክምር ናቸው» አለኝ። ስለዚህ ሻፍቱን እኔው ልፈታው ነው። አይሳቁብኝ። አዲሶቹን ክሮቼራዎች ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ የጎደለኝ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ስልክ አትደውዪ፣ አርባ ዓመት የመዶሻ ጩኸት ጆሮዬን ጨርሶታል» ስላሉኝ አልደውልም። አውቶቡሱ ጠዋት ከዚህ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ እናንተ ጋ ይደርሳል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ሾፌሩ ፖስተኛችን ለመሆን ተስማምቷል።

አክባሪዎ፣
የወዳጅዎ ልጅ


ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ «ምንድን ነው፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያም ይበልጣል አልኳት። ጋራዡን ዘግቼ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበቴና ስለ ኪኒኔ ብቻ ነው። ስለ ብሎን የጠየቀኝ ሰው የለም። እግዜር ይስጥሽ። አልሳቅሁብሽም።

የእናትሽን መታመም አላወቅሁም ነበር። ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አፍሬ ነው የምልከው። የአባትሽን ሞት ግን ያን ጊዜውኑ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ለምን ቀብሩ ላይ እንዳልተገኘሁ ጠይቀሽኛል። እሱን ዛሬ አልመልስም። ዛሬ ስለ ብሎን እንነጋገር።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጎረቤትሽ የብረት በር ሠሪው ብሎኖቹን በእሳት ልቁረጥልሽ እንዳለሽ የጻፍሽውን አይቻለሁ። በእሳት አይቆርጥም። እንዳታስነኪው። በር የሚሠራ ሰው ሁሉም ነገር በር ይመስለዋል። ብሎኑን ቆርጦ ሲጨርስ የተያያዘበትንም ቆርጦት ታገኚዋለሽ። ብረት አጥብቆ የሚይዝበትን ሞርሳውን ግን ተዋሺው፤ በኋላ ያስፈልግሻል።

መጀመሪያ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሚና ጎማዎቹን በድንጋይ አግጂ። ክሪክ ብቻ አምነሽ ከመኪና ሥር እንዳትገቢ፤ ክሪክ ወዳጅ አይደለም። ወፍራም ግንድ ከሥር አስገቢና መኪናዋ በግንዱ ላይ ትተኛ። ሻፍቱ ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። አራቱንም በሽቦ ብሩሽ ፈትጊያቸው። ከዚያ ናፍጣና ስስ ዘይት እኩል ቀላቅለሽ ጠዋትና ማታ አጠጫቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ። በየጊዜው አናታቸውን በመዶሻ ቆርቆር አድርጊ፤ የሰው በር እንደምታንኳኪ እንጂ እንደምትሰብሪ አይደለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ቁልፉን አስገቢና፣ ስሚኝ፣ መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት ግፊው። የፀጉር ያህል ብቻ። የደረቀ ብሎን እንደ ግትር ሰው ነው፤ ቀድመሽ «ልክ ነህ» ካላልሽው ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ከጠበቀ በኋላ ወደሚፈታበት መልሺው። እምቢ ካለ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አጥልቂና ወደ ራስሽ ሳቢ፤ አትግፊ፤ ካመለጠሽ ጣቶችሽ ከብረቱ ጋር ይላተማሉ። የእኔን ጣቶች ታስታውሻለሽ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጊዜ አለሽ።

ጋሼሽ


ዓርብ፣ መጋቢት 6

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሦስቱ እጅ ሰጡ! ይህን የምጽፍልዎት ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግራሶ ሳይለቅ ነው፤ ወረቀቱን ስላቆሸሽኩት ይቅርታ።

እንዳሉኝ ለሁለት ቀን ናፍጣ አጠጣኋቸው። በር ሠሪው «መኪናዋን እያጠመቅሻት ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። እማዬ ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥታ፣ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ወደሚጠብቅበት ገፋሁት። ከዚያ ስመልሰው «ጧ!» አለ። ሰበርኩት ብዬ ነበር። ዳዶው ግን መዞር ጀመረ። ከመኪናው ሥር ተኝቼ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ። እማዬ በከዘራዋ እግሬን ነካ አድርጋ «ምን ሆንሽ? ተጎዳሽ?» ትላለች። የለም፣ ጋሼ ልክ ነው አልኳት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲያው ወጡ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።

አራተኛው ግን ጉድ ሠራኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የራሴ ቁልፍ ከሥር ስላልገባልኝ ከበር ሠሪው አፉ የተበላ ቁልፍ ተዋስኩ። አንሸራተተኝ። የብሎኑ ማዕዘኖች ሁሉ ተልጠው አሁን አናቱ እንደ ዶቃ ክብ ሆኗል። የሚይዘው ነገር የለም። በር ሠሪው እሳቱን ይዞ እየተንጎራደደ ነው። ምን ላድርግ?

ሾፌሩ ደግሞ የእርስዎን ጥያቄ በቃል አድርሶልኛል፤ ያን ሻፍት ለመጨረሻ ጊዜ የፈታው ማን ነው ብለዋል። እሱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። አሁን አራተኛው ይውጣልኝ።

አክባሪዎ፣
እጇ የቆሸሸው ልብስ ሰፊ


እሑድ፣ መጋቢት 8

ልጄ፣

ሦስቱን ያወጣች አራተኛውን አታጣውም። አትዘኚ። የሌላ ሰው ቁልፍ ተውሶ ብሎን ያልላጠ መካኒክ የለም፤ ካለም ውሸታም ነው።

ሞረድ ፈልጊ። የብሎኑን አናት ከግራና ከቀኝ ሞርጂና ሁለት ጠፍጣፋ ጎን አውጪለት። ከዚያ በአንድ ቁጥር የሚያንስ ቁልፍ ውሰጂ፤ አይገባም፤ በመዶሻ እየመታሽ አስገቢው። ጥርሱን እንደነከሰ ይያዝ። አሁን በር ሠሪው ይጠቅመናል፤ እሳቱን ዳዶው ላይ ብቻ ያሳርፍ፣ ብሎኑን አይንካ። ዳዶው እስኪቀላ አይደለም፣ ምራቅ ብትተፊበት ችስ እስኪል ድረስ። እሳት ሲነሳ የናፍጣው ባልዲ ሩቅ ይሁን። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ወደሚጠብቅበት፣ ቀጥሎ ወደሚፈታበት።

አሁን ደግሞ ትልቁን ነገር ልንገርሽ። ሻፍቱን ከማውረድሽ በፊት ምልክት አድርጊበት። የት ጋ ከምን ጋር እንደነበረ፣ ሁሉንም። ሻፍቱ ሁለት ግማሽ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ በጥርስ ይገባል፤ እዚያም ላይ ምልክት አድርጊ። ጋራዣችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ታስታውሺ ይሆናል፦ «እንዳገኘኸው መልሰው»። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀጥሬ ያባረርኳቸው ልጆች ሁሉ የተባረሩት ይህን ረስተው ነው።

ካወጣሽው በኋላ ጠረጴዛ ላይ አጋድመሽ ሥዕሉን ላኪልኝ። የባለቤቴ ስልክ ፎቶ አይቀበልም፤ ከሰዓት በቀር የምታሳየው ነገር የለም። ሥዕል እወዳለሁ ደግሞ።

የእናትሽን ሰላምታ ሾፌሩ አድርሶልኛል። «ለእሱ ንገረው፣ አልተቀየምኩም» አለች አለኝ። ሾፌሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ጋሼሽ


ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ለተከበሩ ጋሼ፣

ወጣ! አራተኛውም ወጣ፤ ሻፍቱም ወረደ። በር ሠሪው ዳዶውን ሲያሞቅ እንደ ሐኪም ተጠንቅቆ ነበር፤ «ጋሼሽ ይህን አየ?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። አዎ፣ አይቷል ብዬዋለሁ። እርስዎም እንዳዩ ይቁጠሩልኝ።

ምልክት ያደረግሁት በጥፍር ቀለሜ ነው፤ ቀዩ። የጋራዡን ቀይ ቀለም አስቤ አይደለም፣ ሌላ ቀለም ቤት ስላልነበረ ነው። ሻፍቱን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሜ፣ ልብስ በምቆርጥበት ወረቀት ላይ በልኩ አድርጌ ነደፍኩት። ከጎን አንድ፣ ጫፉን ፊት ለፊት እያየሁ አንድ። ወረቀቱን ሾፌሩ ጠቅልሎ ይዞታል፤ ሲዘረጉት ጠረጴዛዎ የሚበቃ አይመስለኝም።

ክሮቼራዎቹ ግን በሻፍቱ ጫፎች ከያዟቸው ሹካዎች አልወጣም አሉ። ይህች መስቀል የምትመስል ብረት አራት ጫፏ ላይ አራት ቆብ አላት አይደል? ቆቦቹን በሞርሳ አስጨንቄ፣ በመዶሻ ደብድቤ፣ ዘይት አጠጥቼ ለሁለት ቀን ታገልኩ። ንቅንቅ የለም። በር ሠሪው የሚለው ያው ትልቅ መዶሻ ነው። እማዬ ደግሞ «ባሌም እኔ ጋ እንዲህ ነበር፤ ተይውና ትንሽ ቆይተሽ ነይ» አለችኝ። ስምንት ቀን ነው የቀረኝ። ምን ያጠፋሁት ነገር አለ?

አክባሪዎ


ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ልጄ፣

አሁን ሳቅሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ግን ከልቤ ሳቅሁ፤ ባለቤቴ ከማድ ቤት እየሮጠች መጣች።

ያጠፋሽው ነገር የለም። እያንዳንዱን ቆብ ከውጭ በኩል የምታግተው ቀጭን ቀለበት አለች። ዝገትና የድሮ ቀለም ሸፍኗት ነው። በምስማር ጫፍ ዙሪያውን ጫሪው፤ ብቅ ትልልሻለች። በፒንሳ ጫፎቿን ጨብጠሽ አውጫት። አራቱንም። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ይህችን ቀለበት ሳላወጣ አንድ ቀን ሙሉ ቀጥቅጬ አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ሲያየኝ ዋለ። ማታ ላይ «ጨረስክ?» አለኝ። አንቺን ግን ሁለት ቀን ያስቀጠቀጥኩሽ እኔ ነኝ፤ መንገር ነበረብኝ። ቀለበቶቹ ከወጡ በኋላ ከአንዱ ወገን ትንሽ ቡሽ፣ ማለት አጭር የብረት ቱቦ፣ ከሌላው ቆቡ የሚገባበት ሰፊ ቡሽ አድርገሽ በሞርሳ ቀስ እያልሽ አጥብቂ። ይገፋልሻል። አዲሱን ስታስገቢ ቆቡ ውስጥ ያሉትን መርፌ መሳይ ብረቶች በግራሶ አጣብቂያቸው፤ አንዷ ከወደቀች አለቀልሽ።

ሥዕልሽ ደርሶኛል። አልጋው ላይ ዘርግተን ነው ያየነው። እንዲህ ያለ ሥዕል መሐንዲስም አይሥልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጫፉን ፊት ለፊት ያየሽበት ላይ፣ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች አልተስተካከሉም፤ አንዱ ከሌላው ሰያፍ ነው። እንዳየሽው ነው የነደፍሽው ወይስ እጅሽ ስቶ ነው?

መልሱን እስክትጽፊልኝ፣ እኔም መልሼ እስክጽፍልሽ ድረስ ሁለቱን ግማሾች አታገጣጥሚ። ምልክቱ ላይም ቢሆን።

ጋሼሽ


ዓርብ፣ መጋቢት 13

ለጋሼ፣

እጄ አልሳተም። አሥራ አምስት ዓመት ጨርቅ የቆረጠ እጅ ነው። ሰያፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ሰያፍ አድርጌ ነደፍኩት። ጥርሱን ቆጠርኩት ደግሞ፤ በሦስት ጥርስ ያህል ዞሯል።

ቀለበቶቹ እንዳሉት ተገኙ። አሮጌዎቹ ወጡ፣ አዲሶቹ ገቡ፣ አንድ መርፌም አልወደቀብኝም። ሻፍቱ ታጥቦ፣ ተቀብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል። ሁለቱን ግማሽ አግብቼ፣ አራት ብሎን አጥብቄ እጨርስ ነበር። እርስዎ «አታገጣጥሚ» ብለው ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ትናንት እማዬን ከክሊኒክ ያመጣት የኮንትራት ታክሲ አስፋልቱ ላይ ጥሏት ሄደ። ዝናብ ነበር። እኔና በር ሠሪው በወንበር ተሸክመናት መቶ ሰማንያውን ደረጃ ወጣን። መሐል ላይ እግሬ አንሸራተተኝ። አልወደቅንም። እማዬ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቤት ስንደርስ «ክብደቴ ቀንሷል አይደል?» ብላ ቀለደች። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የቀረኝ አምስት ቀን ነው፤ አንድ ደብዳቤ ሄዶ ሲመለስ ሁለቱን ይበላል። ተቆጥቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ደግ ነው የዋሉልኝ። ግን ለምንድን ነው የምጠብቀው?

አክባሪዎ


ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ሌላ ቦታ ሳይሄድ በቀጥታ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። መጀመሪያ የምታደርጊውን ልጻፍ፤ ቀሪውን ሥራሽን ጨርሰሽ አንብቢው።

የጥፍር ቀለሙን አጥፊው። እንዳገኘሽው አትመልሺው። ሻፍቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሚና የሁለቱን ጫፍ ሹካዎች አንድ መስመር ላይ አምጪያቸው፤ አንዱ ጠፍጣፋ ሲተኛ ሌላውም ጠፍጣፋ ይተኛ። ጫፉ ላይ ሆነሽ በአንድ ዓይንሽ ስታዪ የፊተኛው የኋለኛውን ይሸፍነው። እንደዚያ ሲሆን ጥርሱን አስገቢ። ከዚያ ብሎኖቹን አጥብቂ። አበቃ።

አሁን ለምን።

ሹካዎቹ ሰያፍ ሆነው የተገጠመ ሻፍት መኪናን ያንቀጠቅጣል። ቀስ ስትነጂ አይታወቅም፤ ፍጥነት ስትጨምሪ ወለሉ፣ መሪው፣ ወንበሩ ይርገፈገፋል። አሮጊቷ እንዲያ እንደምትሆን እንዳትነግሪኝ፤ አውቃለሁ። የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት አባትሽ ክሮቼራ ላስቀይር ብሎ መጣ። ያን ቀን ጋራዡ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ቸኩያለሁ ይላል። ሁለቱን ግማሽ ለያይቼ ሳጥብ ምልክት አላደረግሁም። ግድግዳው ላይ የጻፍኩት እኔው፣ ከጽሑፉ ሥር ቆሜ። ስመልሰው በግምት አስገባሁት። በማግስቱ አባትሽ ተመልሶ «ትንቀጠቀጣለች» አለኝ። ጎማውን አየሁለት። በሳምንቱ ተመለሰ። ኩሽኔታውን አየሁለት። ሻፍቱን ግን አላየሁም፤ እኔ የነካሁት ስለሆነ ልክ ነው ብዬ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «መኪናዋ ምንም የላት፤ መሪ መያዝ የማታውቅ አንተ ነህ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው! ደንበኞቹ ሳቁ። አባትሽ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ» አለ። እሺ ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ደጄን አልረገጠም።

ሲሞት የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጬ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። አውቶቡሱ ሄደ፤ እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ያን ጊዜ ስለ ሻፍቱ አላውቅም ነበር፤ ልክ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። የከለከለኝ ያ ስድብ ነው። እናትሽን በየትኛው ፊቴ አያታለሁ ብዬ። አሁን ደግሞ ስድቡም ስህተቱም የእኔ ሆኖ ተገኘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ረቡዕ ዕለት ሥዕልሽን ሳይ ገብቶኛል። እጅሽ ስቶ በሆነ ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ። ትናንት መልስሽን ሳልጠብቅ ሌላ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ «ምልክቱን ተዪና እንዲህ ግጠሚ» የሚል፣ ምክንያት የሌለው። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አንብባ «ይህ ደብዳቤ ይጎድለዋል» አለችኝ። ቀደድኩት። በእኔ ምክንያት አንድ ቀን አጥተሻል። አንቺን ያስጠበቀሽ ሻፍቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

አባትሽ ልክ ነበር። ይቅርታ የምጠይቀውን ሰው በጊዜው አላገኘሁትም፤ ለአንቺና ለእናትሽ እላለሁ። ይቅር በሉኝ።

ጋሼሽ


ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ለውድ ጋሼ፣

አለፈች! ያው መርማሪ ነው። ከሥር ገብቶ ሻፍቱን በሁለት እጁ ነቀነቀው፣ ከዚያ ይዟት ወጥቶ ዞረባት። ሲመለስ «የትኛው ጋራዥ ነው የሠራው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ወረቀቱን ፈርሞ ሲሰጠኝ እጄን አየ፤ አሁንም ጥቁር ነው። ክሊኒኩ ሥራውን አጽንቶልኛል። ዛሬ ከሰዓት እማዬን በጓሮው ቅያስ አውጥቼ እበሩ ላይ አወረድኳት። ከበሩ እስከ አልጋዋ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ቆጠርኩት።

ደብዳቤዎን እንዳሉኝ ሥራዬን ጨርሼ ነው ያነበብኩት፤ ሰኞ ማታ፣ ለእማዬ ጮክ ብዬ። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ «አሁን ያን ጥያቄውን መልሺለት» አለችኝ።

ሻፍቱን ለመጨረሻ ጊዜ የፈታው ማን ነው ብለውኝ ነበር። ያልመለስኩልዎት ወቀሳ እንዳይመስልብኝ ነው። ከእርስዎ በኋላ ማንም አልፈታውም፣ ጋሼ። አባቴ ሌላ እጅ እንዲነካት አልፈቀደም። ስትንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ «ሌላ መካኒክ ጋ ውሰዳት» ይለው ነበር። «መካኒክ አላት፤ ኩርፊያው ሲበርድለት ይመጣል» ይል ነበር። ዘይቱን ራሱ ቀየረ፣ ፍሬኑን ራሱ ሠራ፣ ሻፍቱን ግን ለእርስዎ ተወው። አምስት ዓመት እየተንቀጠቀጠ ነዳ። ብሎኖቹ እንደዚያ የደረቁት ለዚህ ነው። ከእርስዎ ቁልፍ በኋላ ሌላ ቁልፍ አርፎባቸው አያውቅም።

ተቀይሞዎት አልሞተም። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እኛም አልተቀየምንም። ለእኔ የዋሉልኝ ውለታ በቃል አይመለስም፤ እናቴን ነው የተሸከሙልኝ።

አሁን አሮጊቷ ዝም ብላለች። ዛሬ ትልቁ መንገድ ላይ ፍጥነት ስጨምር ወለሉ ጸጥ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያን ስድስት ሰዎች ስጭን ከኋላ የሚያወሩትን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጩኸቷ አያሰማም። ለካ ተረበኞች ናቸው! ጡረተኛው አናጢ ስለ እኔ አነዳድ ሲያማ ሰማሁት። እማዬም አብራ ስታማ።

ቅዳሜ ክሊኒክ የለም። እማዬ «ሄደን እናምጣው» ብላለች። በጠዋት ተነስተን ሰባት ሰዓት ላይ እናንተ ጋ እንደርሳለን። ባለቤትዎንም ይዘን እንመለሳለን፤ እኛ ቤት ታድራላችሁ። እሑድ አብረን አባቴ መቃብር እንሄዳለን። ወዲህ የሚያመጣዎት አውቶቡስ አንድ ጊዜ አምልጦዎታል። ይህችኛዋ አታመልጥዎትም፤ እበርዎ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ልጅዎ


ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ላነብላት ሞክሬ ነበር፤ «ሌላ እጅ» የሚለው ጋ ስደርስ አቃተኝ። ተቀብላኝ እሷ ጨረሰችው።

ለአምስት ዓመት ጠበቀኝ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እሱ ይምጣ እያልኩ ነበር። ሁለት ሽማግሌ በየደጃችን ተቀምጠን።

እናትሽን አመስግኚልኝ። አንቺን በምን ቃል እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ብሎን ልትፈቺ ጽፈሽልኝ ይህን ሁሉ ፈታሽ። በሩን ያልዘጋችሁብኝ ልጄም እናትሽም ተባረኩ።

እንመጣለን። ባለቤቴ ሻንጣውን ዛሬ አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቁማዋለች፤ ሁለት ቀን ቀድማ፣ እንዳልሸሽ ነው መሰለኝ። አልሸሽም።

ለአባትሽ የምለውን ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ስጽፍ ነበር። ሦስት ገጽ ሆነ። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ ቆሞ አይሰማህም፤ በሕይወት እያለም ያቋርጥህ ነበር» ብላ አስቆረጠችኝ። የቀረው አንድ መስመር ነው፦ «ወንድሜ፣ መሪ መያዝ የምታውቀው አንተ ነበርክ።»

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። እሑድ መቃብሩ ጋ እኛ ብቻችንን አንሁን። ያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ቆመው ከሳቁት በሕይወት ያሉትን ፈልጊልኝ፤ ያጣሻቸውን ያህል ከጎረቤቶቻችሁ ጨምሪ። የሰደብኩት ሰው ፊት ነው፤ ይህንንም ሰው ፊት ልበለው።

ጋሼሽ